ንግሥቲቱ በተሰማ ላይ

ባለፈው ቅዳሜ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ከሚገኘው የሐበሻ ሱቅ ቃሪያ ስመርጥ አንድ ወጣት ከኋላዬ መጥቶ ሰላም አለኝ። እናቱ ከእኔ ጋር በአንድ ሕንፃ ስለምትኖር ፊቱን አውቀዋለሁ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ አማርኛው ቶሎ ያልቅበታል። ጭንቀቱ ግን ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

«አንቲ ሂሩት፣ ሶሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? የወንድሜን ኬስ ሰምተዋል አይደል? ጊልቲ አሉት። አሁን ሎየሩ አፒል እናደርጋለን ይላል። ግን የሚያወራው ሁሉ ስለ ሌላ ሰው ኬስ ነው። ለእንትና እንዲህ ተፈረደለት፣ በእንትና ላይ እንዲህ ተፈረደበት። ኦኬ፣ ግን ወንድሜስ?»

ሳቄ መጣና ዋጥኩት። በወንጀል ይግባኝ ጠበቃነት ዕድሜዬን የፈጀሁ ሴት ነኝ። ይህን ጥያቄ በዚህ ዓይነት ቁጣ የጠየቀኝ ግን ከእሱ በፊት አንድ ሰው ብቻ ነው። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናትህን ይዘህ ቤት ና» አልኩት። ከዚያ ከረጢቴን አንጠልጥዬ ወደ ሰፈሬ ክሬሰንት ታውን ስመለስ፣ መንገዱን ሙሉ ጋሽ ታደሰን ሳስብ ሄድኩ።

ያን ጊዜ የሕግ ተማሪ ነበርኩ። በትምህርት ቤት ዕረፍት ወራት ቬርና የምትባል ጠበቃ ቢሮ እሠራ ነበር። ቬርና በልጅነቷ ከጃማይካ የመጣች፣ ድምፅዋ ከበር ውጭ የሚሰማ፣ ሲበዛ ሳቂታ ሴት ነበረች። ቢሮዋ ዳንፎርዝ ላይ፣ ከአንድ ጫማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ ነው፤ ደረጃውን ስንወጣ የቆዳና የማስቲሽ ሽታ አብሮን ይወጣል። ምሳ ሰዓት ላይ የባቡር ጣቢያው ውስጥ የሚሸጠውን፣ ሳምቡሳ የሚመስል ቢጫ የሥጋ ፓቲ ታስገዛኝና፣ ፍርፋሪው መዝገብ ላይ እየረገፈ ሕግ ታስተምረኛለች። አዲስ አበባ ሳለሁ ሰኔና ሐምሌ ዝናብና ጭቃ ነበሩ። ቶሮንቶ ውስጥ በእነዚያ ወራት አስፋልቱ ይለበልባል፣ አየሩም እንደ እርጥብ ጋቢ ትከሻ ላይ ይጠመጠማል። ክረምትና በጋ የሚሉት ቃላት እስካሁን ድረስ አፌ ላይ ይምታቱብኛል።

አባቴ አዲስ አበባ ጠበቃ ነበር። እራት ላይ ሳይቀር አንቀጽ ይጠቅሳል፤ ወንድሜ ከወጡ ሥጋ ሲያበዛ እንኳ የሚጠቅስበት አያጣም። ስለዚህ ሕግ ማለት ለእኔ ቁጥር ያለው አንቀጽ ነበር። እዚህ ትምህርቱን ስጀምር ግራ የገባኝም ይኸው ነው። እዚህም የወንጀል ሕግ መጽሐፍ አለ፤ ክርክሩ ሲጦፍ ግን ከአንቀጹ ይልቅ ሰው ይጠቀሳል። በእገሌ ጉዳይ የተወሰነው፣ በእገሊት ጉዳይ የተባለው። ይህን ለቬርና ስነግራት ፓቲዋን አስቀመጠች።

«ፍርድ ቤት ለአንድ ሰው የሰጠውን፣ እሱን ለሚመስል ሰው አይነፍግም» አለችኝ። «ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ ማን ማንን ይመስላል የሚል ክርክር ነው።»

ስለ ቀዳሚ ውሳኔዎች ከዚያ ወዲህ ብዙ ወፍራም መጻሕፍት አንብቤያለሁ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ግን አላገኘሁም።

ጋሽ ታደሰ ተሰማ ቢሮአችን የመጡት በዚያ ሙቀት ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው ነው። ባለቤታቸው እትዬ ብርሃኔ አብረዋቸው ነበሩ። ጋሽ ታደሰ መሀል ከተማ ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ኪዮስክ፣ ገንዘብ ተቀባይ ነበሩ። አንድ ደንበኛ መውጫው ላይ ተጣላቸውና ግብግብ ተነሣ፤ ሰውየው ወድቆ ራሱን ክፉኛ ተጎዳ። እሳቸው «ሊመታኝ ሲንደረደር አዳልጦት ወደቀ» ይላሉ። ሰውየው ደግሞ «በብረት መታኝ» አለ። ሌላ ያየ አልነበረም። ዳኛው ሰውየውን አመኑ፤ ጋሽ ታደሰ ጥፋተኛ ተብለው እስራት ተፈረደባቸው። ይግባኙ እስኪታይ በዋስ ወጥተው ነበር። ፍርዱ ከጸና እስር ቤት ይገባሉ፤ ዜግነት ስላልወሰዱ ደግሞ እስሩን ሲጨርሱ ከሀገር መባረር ይጠብቃቸዋል። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው እዚሁ የተወለዱ ናቸው።

ቬርና ማስረዳት ጀመረች፤ እኔ ወደ አማርኛ እመልስላቸዋለሁ።

«ዳኞቹ እርስዎን እንደገና አያዳምጡም። ምስክርም አይጠሩም። ማን እውነት ተናገረ የሚለውን የመጀመሪያው ዳኛ ጨርሶታል። እነዚህኞቹ የሚያዩት ችሎቱ በሕጉ መሠረት መካሄድ አለመካሄዱን ነው። ለዚህም በሌሎች ሰዎች ጉዳይ ከዚህ በፊት የተወሰነውን ያመሳክራሉ።»

ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ዞሩ። «ፍርድ ቤቱ ምን ይባላል አልሽኝ?»

«ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት።»

«ሰሚ ከተባለ ይስማኝ እንጂ! አልመታሁትም እኮ ነው የምለው። የቀማኛውና የደብዳቢው ነገር ለእኔ ምኔ ነው? እሱ ያደረገውን እሱ ያውቃል። እኔን ምን ከእሱ ጋር አንድ ሚዛን ላይ አስቀመጠኝ?»

ወዲያው ዐይናቸው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው መዝገብ ሽፋን ላይ አረፈ። እንግሊዝኛቸው ትንሽ ቢሆንም ስም ማንበብ አያቅታቸውም። «ንግሥቲቱ በተሰማ ላይ» ይላል። እዚህ ሀገር የወንጀል ክስ የሚቀርበው በዘውዱ፣ ያኔ በንግሥቲቱ፣ ስም ነው፤ የተከሳሹም የቤተሰብ ስሙ ብቻ ይጻፋል። የእኛ ሰው ደግሞ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ያለው የአባት ስም ነው።

«ተሰማ?» አሉ ቀስ ብለው። «ተሰማ እኮ አባቴ ነው። ከሞተ በኋላ ንግሥት የከሰሰችው ምን አጥፍቶ ነው? ሰው ሲጣላ የሚያስታርቅ፣ ድንበር ሲገፋ ‹ተሰማ ይየው› የሚባልለት ሰው ነበር። ስሙን በወንጀለኛ መዝገብ ከምታነሡት እኔ ልታሰር።» ብድግ አሉ።

እትዬ ብርሃኔ ግን ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። «ልጆቻችንም እኮ ተሰማ ነው የሚባሉት» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ትምህርት ቤት የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። አንተ ብትታሰር ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል? ይብስ ይጸናል እንጂ። ተቀመጥ፣ ታደሰ።»

ጋሽ ታደሰ በሩን አዩ። ከዚያ የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱና ተቀመጡ።

ብዙም ሳይቆይ የችሎቱ የድምፅ ቅጂ በካሴት መጣልን። «እዚህ ውስጥ የሚረባ ነገር ካለ የምታገኚው አንቺ ነሽ» ብላ ቬርና ሰጠችኝ። ጽሑፍ ላይ የሚሰፍረው እንግሊዝኛው ብቻ ነው፤ አስተርጓሚው በተከሳሹ ጆሮ የሚያንሾካሹከው አይጻፍም። ደግነቱ አስተርጓሚው ማይክሮፎኑ አጠገብ ተቀምጦ ኖሯል፤ ድምፁ እየራቀና እየቀረበ ይሰማል። ክፋት የሌለው፣ ትሑት ድምፅ ነው። ኋላ እንደተረዳነው፣ የተመደበው ሰው ታሞ እሱ በድንገት ተጠርቶ የመጣ፣ ሥራውን ያልሠለጠነበት ሰው ነበር። ተመታሁ ባዩ ሰውዬ ረጅም ሰዓት ይመሰክራል፤ አስተርጓሚው «መታኝ ነው የሚልህ» ይላል። ጠበቃው ይጠይቃል፣ ሰውዬው ይመልሳል፤ አስተርጓሚው «ያንኑ ነው የሚደጋግመው» ይላል። አንድ ቦታ ላይ ሰውዬው ብረቱ ከየት እንደመጣ በዝርዝር ሲያስረዳ፣ አስተርጓሚው «ይሄ ስለ ቦታው ነው፤ ለአንተ ብዙም አያስፈልግህም» አላቸው።

ቴፑን አቆምኩት። መልሼ ሰማሁት። አያስፈልግህም!

አንድ እሑድ የችሎቱን ግልባጭ ይዤ ክሬሰንት ታውን ጋሽ ታደሰ ቤት ሄድኩ። ኮሪደሩ የቤንጋሊ ጎረቤቶች ቅመምና የሚጠበስ ዓሣ ይሸት ነበር፤ በተከፈተው መስኮት የባቡሩ ድምፅ ከታች ይመጣል። እትዬ ብርሃኔ ሐብሐብ ቆራርጠው አቀረቡና ልጆቹን ወደ መጫወቻው ላኩ። እኔም እንግሊዝኛውን እያየሁ፣ ችሎቱን ከመጀመሪያው አንሥቼ ቃል በቃል በአማርኛ አነበብኩላቸው። ጋሽ ታደሰ ጉልበታቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። ስለ ብረቱ ወደተነገረበት ቦታ ደረስኩ።

«‹የኪዮስኩን በር ከፍቶ፣ ከበሩ ኋላ ብረቱን አወጣ›» ብዬ አነበብኩ።

እጃቸውን አነሡ። «ቆይ። ይሄን ማን አለ?»

«ሰውዬው ነዋ።»

«መቼ?»

«ችሎት ላይ። እርስዎ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ነበር እኮ።»

«የምን በር?» ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ኪዮስኳ እኮ በር የላትም! በሯ ተሰብሮ የተነሣው ከጠቡ ብዙ ቀን ቀድሞ ነው፤ ላስቲክ ነው የጋረድኩባት። ያን ሁሉ ብርድ የፈጀኝ በምን ሆነና! አለቃዬን ጠይቁት። ይሄን ብሰማ ዝም እል ነበር? ጠበቃዬን በክርኔ አልደቁሰውም ነበር?»

እትዬ ብርሃኔ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ባላቸውን ያያሉ። ከታች የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ጋሽ ታደሰ ተመልሰው ተቀመጡና፣ «በራሴ ፍርድ ላይ አልነበርኩማ» አሉ። «ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ኮቴ ነበር።»

«ጋሼ፣ ይግባኙ ይኸው ነው» አልኳቸው። «እንዲህ ያሉት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ከእርስዎ በፊት የሌላ ሀገር ሰው ይህንኑ ብሎ አቤት አለ፤ የሀገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ተቀበለው። ተከሳሽ በአካል መገኘቱ አይበቃም፣ የሚባለውን ሲባል መስማት አለበት ተባለ። የምንጠቅሰው ያንን ሰው ነው።»

«ምን አድርጎ ነው የተከሰሰው?»

«ከባድ ነገር ነው። ለእኛ ግን የሚጠቅመን ክሱ ሳይሆን ፍርዱ ነው።»

አንድ ቁራጭ ሐብሐብ አነሡ። «ቋንቋ አጥቶ የተቀመጠ ሰው ከሆነስ ወንድሜ ነው» አሉ። «ጥቀሱት።»

ዐቃቤ ሕጉ ግን ባዶ እጁን አልመጣም። መልሱ ላይ ሌላ ቀዳሚ ውሳኔ ጠቀሰ፤ ያውም የዚያውኑ የይግባኝ ፍርድ ቤት። በዚያ ጉዳይ አንድ ጣሊያናዊ «አስተርጓሚዬ እያሳጠረ ነገረኝ» ሲል፣ ዳኞቹ ጠበቃህ ያኔውኑ ስላልተቃወመ ዛሬ ልታነሣው አትችልም ብለው መልሰውታል። የጋሽ ታደሰም የመጀመሪያው ችሎት ጠበቃ አልተቃወመም። ፍርድ ቤት ደግሞ የገዛ ቃሉን በቀላሉ አያጥፍም፤ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ቢል ማን ይተማመንበታል? ቬርና ውሳኔውን አንብባ ስትጨርስ ምሳዋን ሳትነካው ቀረች።

«ይሄ ጣሊያን ታደሰን ከመሰለ አለቀልን» አለች።

ውሳኔውን ይዤ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ሌላ ሥራ የለኝም ብዬ አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት። ሰው የሚዘልላት አንዲት ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ጠበቃው በዕረፍት ሰዓት ከደንበኛው ጋር በደንበኛው ቋንቋ ይነጋገር ነበር ትላለች። ጠበቃው ጣሊያንኛ ያውቅ ነበር! አስተርጓሚው ሲያሳጥር በገዛ ጆሮው እየሰማ ነው ዝም ያለው። የጋሽ ታደሰ ጠበቃ ግን ከአማርኛ «ሰላም»ን እንኳ አያውቅም። ያልሰማውን በምን ይቃወማል? ዝምታ ሁሉ አንድ አይደለም።

ዳንፎርዝን በሩጫ አቋርጬ ደረጃውን ወጣሁ። ቬርና ዓረፍተ ነገሯን በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

«አይመሳሰሉም» አለች። ከዚያ ጫማ ጠጋኙ ከታች በዱላ ጣሪያውን እስኪመታ ድረስ ሳቀች። «ነይ፣ ወንበር ሳቢ። እንጻፈው።»

በቀዳሚ ውሳኔ መከራከር ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። እስከዚያ ድረስ ያለፈውን መሸምደድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ነገሩ መንታ የወለደች እናት ልጆቿን እንደምትለይ ነው፤ ሌላው ሰው አንድ ናቸው ሲል፣ እሷ የት ላይ እንደሚለያዩ ታውቃለች። ለዚያ ግን ሁለቱንም ታቅፎ መክረም ያስፈልጋል።

ካሴቱን የሠለጠነ አስተርጓሚ ሰምቶ፣ ሳይተረጎም የቀረውን ዘርዝሮ በጽሑፍ ቃለ መሐላ ሰጠልን፤ ቀጠሯችንም በየካቲት ብርድ ደረሰ። ኩዊን ጎዳና ላይ ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ አጥር ጠባብና ጠመዝማዛ የብረት በሮች አሉት፤ ድሮ ላም ወደ ግቢው እንዳይገባ ነው ይባላል። ይህን ለጋሽ ታደሰ ነገርኳቸው። በረዶውን ከጫማቸው እያራገፉ፣ «ላሟን ከልክሎ ሰውን ካስገባ ደግ ነው» አሉ።

ሦስት ዳኞች ተሰየሙ። እኔ ገና ተማሪ ስለሆንኩ ከቬርና ኋላ፣ ከጋሽ ታደሰ ጎን ተቀመጥኩ።

«ልጄ፣ ምንም እንዳታስቀሪብኝ» አሉኝ። «የሚከፋኝንም ቢሆን።»

አላስቀረሁም። መሀል የተቀመጡት ሴት ዳኛ፣ «ይግባኝ ባዩ ለዓመታት እንግሊዝኛ ከሚናገሩ ደንበኞች ጋር ሠርቷል። የሚባለው ይገባው የለ?» ሲሉ፣ እሱንም በጋሽ ታደሰ ጆሮ አንሾካሾክሁ።

«የተከበሩ ዳኛ» አለች ቬርና፣ «ደኅና ዋሉ፣ ትኬትዎን ይስጡኝ ለማለት የሚበቃ እንግሊዝኛ አለው። በዚያ እንግሊዝኛ ግን ምስክር አይሞገትም። እኔ በፈረንሳይኛ ምሳ ማዘዝ እችላለሁ፤ በፈረንሳይኛ መከሰስ ግን አልፈልግም።»

ሌላው ዳኛ የጣሊያናዊውን ጉዳይ አነሡ። «ያንን ውሳኔያችንን እንድንሽረው ነው የሚጠይቁን?»

«በፍጹም። እንድታጸኑት ነው። በዚያ ጉዳይ ዝም ያለው ጠበቃ ሰምቶ ነው ዝም ያለው። ቋንቋውን ያውቅ ነበር፤ ውሳኔያችሁ ራሱ ይህን ይናገራል። የእኛው ጠበቃ ግን ምን እንደቀረ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።»

ሦስቱም ገጽ ገለጡ። እኔ ያገኘኋትን ዓረፍተ ነገር ሲያነቡ አየኋቸው። ወጣትነት የሚሰጠውን ደስታ ሁሉ ቀምሻለሁ፤ የዚያችን ደቂቃ የሚያህል ግን አላስታውስም። «አሁን ምን እያደረጉ ነው?» አሉኝ ጋሽ ታደሰ። «እያነበቡ ነው፣ ጋሼ። ዝም ብለው እያነበቡ ነው።»

ውሳኔው ለጸደይ ተቀጠረ። በዋስ የወጣ ይግባኝ ባይ ውሳኔው በሚነገርበት ዋዜማ እስር ቤት ሄዶ እጁን መስጠት አለበት፤ የዋስትናው ግዴታ ነበር። ጋሽ ታደሰ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ተቀብለው፣ ስመው፣ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ሄደው እጃቸውን ሰጡ። እትዬ ብርሃኔ «ይዞት የሄደው አንድ ካልሲ ነው፤ ሁለተኛ አላሸከምኩትም፣ ይመለሳላ» አሉኝ። በማግሥቱ ጠዋት ቬርና ውሳኔውን ተቀብላ በቀጥታ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቷል። አዲስ ችሎት ታዟል፤ ጋሽ ታደሰም በዚያው ቀን በዋስ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የጣሊያናዊው ጉዳይ ውሳኔም አልተሻረም፤ እሱ በቦታው፣ የእኛው በቦታው ተቀመጠ።

በሚቀጥለው ዓመት በተካሄደው አዲስ ችሎት የሠለጠነች አስተርጓሚ ተመደበች። ሰውዬው ስለ በሩ ተጠየቀ፤ የመኪና ማቆሚያው አለቃም ኪዮስኩ በር እንዳልነበረው መጥቶ መሰከረ። ዳኛዋ ጋሽ ታደሰን በነፃ አሰናበቱ። ስንወጣ መንገዱ ዳር ያለው በረዶ ቀልጦ ጭቃ ሆኗል። እትዬ ብርሃኔ እያለቀሱ ሲስሙን፣ ጋሽ ታደሰ «ዛሬ ሁሉንም ሰማሁ» ከማለት በቀር ሌላ አልጨመሩም።

ከዚያ ወዲህ «ተሰማ» መጠቀስ ጀመረ። አንድ ታሚል ሰው ጠቀሰው፤ አንዲት ፖርቱጋላዊት ጠቀሰችው፤ መስማት የተሳነው አንድ ወጣት በምልክት ቋንቋ ጉዳይ ጠቀሰው። እኔም ራሴ ቆሜ ብዙ ጊዜ ጠቅሼዋለሁ። ዳኞቹ «ቴሲማ» ይሉታል፤ ቀስ ብዬ አርማቸዋለሁ። ጋሽ ታደሰ አሁን አርጅተዋል፤ ኢስት ዮርክ ሰፈር ከትልቋ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኳቸው ቀን አልገረማቸውም። «ድሮም ሰው ሲቸግረው የሚጠራው አባቴን ነበር» አሉኝ።

ሰዎች ይግባኝ ሁለተኛ ዕድል ይመስላቸዋል። እኔ የማምነው እንዲህ ነው፦ ሰው ብቻውን ተከስሶ ብቻውን ይፈረድበታል፤ ይግባኝ ላይ ግን ከእሱ በፊት በፍርሃት የቆሙ የማያውቃቸው ሰዎች መጥተው አጠገቡ ይቆማሉ። ሁሉም ጨዋ አልነበሩም። አንዳንዶቹ የተባሉትን አድርገዋል። የተሰጣቸው ፍትሕ ግን ለእነሱ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ እኔ በዚህ ሥራ ላይ እምነቴ ያልደከመውም ለዚህ ነው።

ትናንት እሑድ ልጁ እናቱን ይዞ መጣ። ይህን ሁሉ አጫወትኩት። አገጩን ይዞ ሰማኝና፣

«ሶ... የወንድሜ ስምም አንድ ቀን ሌላ ሰው ሊጠቅም ይችላል?» አለ።

«ይችላል» አልኩት። «መጀመሪያ ግን ለእሱ የሚቆምለትን ሰው እንፈልግለት። በል፣ ችሎቱ ላይ የሆነውን ከመጀመሪያው ንገረኝ። ምንም አታስቀር።»